የቀና አንገት

አሂል ሰውን ከጉልበት በታች ብቻ ማወቅ ከጀመረ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ፖስተኛዋን በሸራ ጫማዋ፣ ቄሱን ተረከዙ በተበላ ጥቁር ጫማው፣ ሚስቱን ጎደሊቭን ደግሞ በግራጫ የቤት ጫማዋ ይለያል። ፓርኪንሰን ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሽታው መጀመሪያ እጁን አንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እርምጃውን አሳጠረ፣ በመጨረሻ ደግሞ የአንገቱን ጡንቻ አደከመውና አገጩ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» የሚለው ተረት ለእሱ አልሠራም። አሂል አንገቱን ደፍቶ ያጠፋው ነገር ቢኖር ሾርባ የሚያንጠባጥብበትን ሸሚዝ ነው።

ታዲያ በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጓሮው ውስጥ ከርግብ ቤቱ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ መጥቶ ከጎደሊቭ የቤት ጫማ ፊት ለፊት ቆመ። ጫማው ተወልውሏል፤ ማሰሪያው ግራና ቀኙ እኩል ነው። አሂል ባለቤቱን ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለገውም። በዚያ መንደር ርግብ ቤት ሊጠርግ ጫማውን ወልውሎ የሚመጣ ሰው ኦሜር ብቻ ነው። ኦሜር መንገዱን ተሻግሮ ያለው ቤት የሚኖር ላጤ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከተማ ውስጥ ጫማ ሲሸጥ ኖሯል። በርግብ ውድድር አሂልን በዕድሜው ሦስት ጊዜ አሸንፎታል፣ ሦስቱንም እስከ ዛሬ ያወራቸዋል።

«ጎደሊቭ ጠርታኝ ነው» አለ ኦሜር። «መጥረጊያ የሚይዝ ወንድ ጠፋ ብላ።»

«ወገቤን አመመኝ ነው ያልኩት፤ ወንድ ጠፋ መች አልኩ» አለችና ሳቀች።

አሂል ያን ሳቅ ያውቀዋል። ከሃምሳ ዓመት በፊት በመንደሩ ዓመታዊ በዓል፣ በዳንሱ ድንኳን ውስጥ ሰምቶታል። ያኔም የሳቀችው ለኦሜር ነበር። ከኦሜር ጋር ሁለት ዘፈን ጨፈረች፣ ሦስተኛውን ለአሂል ሰጠችው፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዋን በሙሉ ለእሱው ሰጠችው። አሂል ግን እነዚያን ሁለት ዘፈኖች አልረሳም። ዕዳ የሚረሳ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ዘፈን የሚረሳ ግን አይደለም።

አንገቱን በተመለከተ መድኃኒት አልጠፋለትም ነበር፤ የጠፋው ልብ ነው። ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶት ጭንቅላቱ ትራሱን መንካቱን ካየ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ ሊስቤት ላከው። ሊስቤት በሳምንት ሁለት ቀን በብስክሌት ትመጣለች።

«አጥንትዎ ደህና ነው፣ አባባ» አለችው በመጀመሪያው ቀን። «የደከሙት ከኋላ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። የደከመ ጡንቻ ደግሞ ሥራ ካልሰጡት ጭራሹን ይተኛል።»

«ይተኛ። እሱም እንደ እኔ ሽማግሌ ነው።»

«እሱ ገና ነው። ይህን የአንገት ድጋፍ ለምግብና ለመኪና መንገድ ብቻ ያድርጉት። ቀኑን ሙሉ ካደረጉት አንገትዎ ጡረታ የወጣ ይመስለዋል።»

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ አሰልቺ ነበር እንጂ። ክኒኑን ከወሰደ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሰውነቱ ሲፍታታ፣ ጀርባውን ግድግዳ ያስደግፋል፤ የተጠቀለለ ፎጣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያደርጋል፤ አገጩን ወደ ውስጥ ስቦ ፎጣውን በጭንቅላቱ ይገፋል፤ ይቆጥራል። ከዚያ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ግንባሩን ከፍራሹ ያነሳል፤ ይቆጥራል። ሊስቤት እያለች ያደርገዋል። ብስክሌቷ ከመንገዱ ሲታጠፍ ፎጣው ወደ መሳቢያው ይመለሳል።

«ምናለ ብታደርገው?» ትለው ነበር ጎደሊቭ።

«ምን አያለሁ ብዬ?»

«ሰማዩን። ርግቦችህን።»

«አውቃቸዋለሁ።»

«እኔንስ?»

«አንቺንም አውቅሻለሁ» አላት አንድ ቀን። የቤት ጫማዋ ዞሮ ወደ ማድ ቤት ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎጣውን አንስታበት አታውቅም። ኦሜርን የጠራችው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ኦሜር አንድ ማክሰኞ መጥቶ አልቀረም። ማክሰኞ ርግብ ቤቱን ይጠርጋል፣ ቅዳሜ ለውድድር የሚጫኑትን ርግቦች በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ርግብ አወዳዳሪዎቹ ማኅበር ካፌ ይወስዳል፣ እሑድ መጥቶ የርግቦቹን መመለስ ይጠብቃል። በሦስተኛው ሳምንት አሂል አንድ ነገር አስተዋለ፤ የጎደሊቭ ግራጫ የቤት ጫማ እሑድ እሑድ ጠፋ። በምትኩ ተረከዝ ያለው ቀይ ጫማ መጣ። ያን ጫማ ለእህቷ ልጅ ሠርግ የገዛችው ነው፤ ለርግብ ኩስ የገዛችው አይደለም።

ሲያወሩ ደግሞ ይሻላል። ስለ እህል፣ ስለ ንፋስ፣ ስለ ጎረቤት ድመት ሲያወሩ አሂል ያዳምጣል። የሚያቃጥለው ዝም ሲሉ ነው። ቡናማው ጫማና ቀዩ ጫማ ትይዩ ቆመው፣ ከላይ ቃል ሳይወጣ ደቂቃ ያልፋል። በዚያ ደቂቃ ከጉልበት በላይ ምን እየሆነ ነው? አንድ ዓይን አንድን ዓይን ምን እያለው ነው? ጫማ የት እንደ ቆመ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ፈለገ አይናገርም። አሂል ሾርባውን እየጠጣ ይህንኑ ያመነዥካል፤ ሲተኛም ይህንኑ ያመነዥካል።

አንድ እሑድ ማታ ቁርጥ አደረገ። ዓይናቸውን ያያል። ሁለቱ ሲተያዩ በድንገት ቀና ይላል፣ ያያል፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ። ቀና ማለትና መቅናት በእኛ በአማርኛችን ጎረቤታሞች ናቸው፤ በአሂል ቤት ደግሞ ተጋቡ።

በማግስቱ ጎደሊቭ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ፎጣውን ከመሳቢያው አወጣ። የመራመጃ ድጋፉን እየገፋ ርግብ ቤቱ ድረስ ሄዶ ገባና ጀርባውን ከእንጨት ግድግዳው ጋር አስደገፈ። ገፋ። አንድ፣ ሁለት፤ ወደቀ። ርግቦቹ ከየሳጥናቸው ሆነው አዩት። እንደገና ገፋ። አንድ፣ ሁለት። ኦሜር አካፋ ይዞ ሲያጎነብስ በዓይነ ልቡናው መጣበት፤ ሦስት አለ።

በየቀኑ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት አራት ደረሰ፣ በሰኔ መግቢያ ስድስት። አንዳንድ ቀን ክኒኑ ሳይሠራለት ይቀርና አንገቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሆንበታል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ፎጣውን ወርውሮ አልቅሷል። የሚገርመው፣ ጎደሊቭ ዳቦ ለመግዛት የምትፈጀው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ዳቦ ቤቱ ማዶ ነው፤ ድሮ በአሥር ደቂቃ ትመለስ ነበር፣ አሁን አርባ ደቂቃ ይፈጅባታል። ይህንንም ከኦሜር ጋር አያያዘው፤ ኦሜር ቤት ደግሞ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው። በዚያ ቀን ስምንት ቆጠረ።

ሊስቤት እጇን ማጅራቱ ላይ አድርጋ ጡንቻውን ጫን ጫን አደረገች።

«አባባ፣ ማን ነው በድብቅ የሚያሠራዎት?»

«ማንም።»

«ይሄ የማንም አንገት አይደለም። ባለፈው ወር ቅቤ ነበር።»

«እስከ አሥር ልደርስ እችላለሁ?»

«ለምን አሥር?»

«ርግብ ከሰማይ ወርዶ እስኪያርፍ አሥር ነው የሚፈጀው።»

ዋሽቷል፣ እሷ ግን ደስ አላት። «እንግዲያው አንገትዎን ብቻውን አይላኩት» አለችው። «መጀመሪያ ደረትዎን ይንፉ፣ ትከሻዎን ወደ ኋላ፣ አገጭዎን ትንሽ ወደ ውስጥ። ከዚያ ዓይንዎ ይምራ፣ አንገትዎ ይከተላል።»

የቀጠረው ቀን የኦርሌዮን ውድድር ነበር፤ ርግቦቹ ከዚያ ሩቅ ከተማ ተለቀው ወደየቤታቸው የሚበሩበት። በዋዜማው ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ርግብ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። አሂል በመንደሩ የታወቀበት አንድ ዘዴ አለው። ወንዱ ርግብ ሳምንቱን ሙሉ ከእንስቷ ተለይቶ ይሰነብታል፤ ለውድድር ከመጫኑ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ያሳዩታል፣ በናፍቆት እንዲበር። ይህን ሁሉም ያደርገዋል። አሂል ግን ይጨምርበታል። እንስቷ ሳጥኑ ውስጥ እያለች ሌላ ወንድ ከጎኗ ያስገባል፤ ባልየው በሽቦው በኩል እንዲያይ ያደርጋል፤ ደሙ እንደ ፈላ ወደ ቅርጫት ይከተዋል። እንዲህ የተጫነ ርግብ በመንገድ ላይ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አይወርድም። አርባ ዓመት ሠርቶለታል።

«ባልየውን፣ ሰማያዊውን ያዢው» አለ አሂል ከወንበሩ። «ሁለተኛውን አስገቢ።»

ጎደሊቭ አስገባች። ሁለተኛው ወንድ ዕድሉን ማመን አቅቶት አንገቱን ነፍቶ እየተሽከረከረ ማጉተምተም ጀመረ። ሰማያዊው በጎደሊቭ እጅ ውስጥ ሆኖ ክንፉን አማታ።

«አሁን በቃ፣ ጫኚው። ሁለተኛውን አውጪው።»

«ይሄ ነገር ጭካኔ አይደለም?» አለ ኦሜር።

«ለማን? ሰማያዊው ነገ ቤቱ ይገባል፣ ሚስቱን ያገኛል።»

«ለሁለተኛው ነው የምለው።»

«ሁለተኛው ደግሞ ምን ይሆናል? ወደ ሳጥኑ ይመለሳል» አለ አሂል። «እያዘንክለት ከሆነ ቤትህ ውሰደው።»

ኦሜር ቅርጫቱን አንስቶ «በሉ ይቅናችሁ» ብሎ ወጣ። ጎደሊቭ እስከ በሩ ሸኘችው። የሄደችውን እርምጃ አሂል ቆጠረ፤ አሥራ አራት ነበር፣ በሩ ግን ዘጠኝ እርምጃ ላይ ነው።

እሑድ ጠዋት ራዲዮው የኦርሌዮን ርግቦች ሁለት ሰዓት ላይ በቀላል ንፋስ መለቀቃቸውን ተናገረ። ጎደሊቭ ሾርባውን ጥዳ፣ ወንበሩን በርግብ ቤቱ ፊት አመቻችታ አስቀመጠችው። ክኒኑን በአምስት ሰዓት ወሰደ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሰውነቱ እንደሚፍታታለት አስልቷል። ስድስት ሊሆን ሲል ቡናማው ጫማ መጣ። ቀዩ ጫማ ከማድ ቤት ወጣ።

አሂል ሰዓቱን የመረጠው በብልሃት ነው። ርግቡ እስኪመጣ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ያኔ ቀና ቢል ሁለት አገጭ ነው የሚያገኘው። ርግቡ ሲያርፍ ግን ሰው ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው ደግሞ ዞሮ የሚወደውን ያያል። ይህን የማያደርግ ሰው የለም። ያኔ ነው ቀና የሚለው።

ስድስት ተኩል ሆነ። አሥር ደቂቃ አለፈ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ኦሜር በዝግታ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በስተግራ።»

«አሞራ ነው» አለች ጎደሊቭ።

«አሞራ እንዲህ አይበርም፣ ጎደሊቭ። ይሄ የተቆጣ ነው።»

አሂል የክንፍ ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ እግር እንጨቱን ሲረግጥ፣ ከዚያ የመድረሻ ሰዓቱን የሚመዘግበው መሣሪያ ጢጥ ሲል። ደረቱን ነፋ። ትከሻውን ወደ ኋላ አደረገ። አገጩን ሳበ። ዓይኑን ሽቅብ ላከና አንገቱን አስከተለ።

አንድ። ቀዩ ጫማ፣ ቀሚሱ። ሁለት። እጆቿ፣ እርስ በርሳቸው ተጨባብጠው። ሦስት። ፊቷ።

ጎደሊቭ ርግቡን አላየችም። ኦሜርንም አላየችም። የምታየው አሂልን ነበር። ያየችው ደግሞ አሁን አይደለም፤ ቆይታለች፣ እንዲህ ቆማ ስትጠብቅ የቆየች ሰው ነበረች። ፀጉሯ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አሂል የሚያውቃት ጎደሊቭ ፀጉሯን ቀለም ትቀባ ነበር፤ መቼ እንደ ተወች አያውቅም። ጉንጯ ጎድሏል። ከግራ ዓይኗ በታች አዲስ እጥፋት አለ። «አንቺንም አውቅሻለሁ» ብሏት ነበር፤ ይቺን ሴት ግን አያውቃትም ነበር። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። መቁጠሩን ግን አልተወም።

ሰባት ላይ የመጣበት ጉዳይ ትዝ አለውና ዓይኑን ወደ ኦሜር አዞረ።

ኦሜር ጎደሊቭን እያየ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ ፀጉሩን በውኃ አበጥሯል። የሚያየው ሌላ ሰው እንደሚያየው አላወቀም፤ አሂል ይህን ሁሉ ወር ቀና ብሎ አያውቅምና ጥንቃቄ ትቷል። አሂል ቀና ብሎ ሊያይ የፈራው ሁሉ እዚያ ፊት ላይ ነበር፤ አንዲት ነገር አልጎደለችም። የጎደለው መልስ የሚሰጠው ሰው ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንድ ላይ አንገቱ ከዳውና አገጩ ወደ ደረቱ ተመለሰ። ሣሩ፣ ቀዩ ጫማ፣ ቡናማው ጫማ።

«ገባ፣ ገባ» አለ ኦሜር። «ቀናህ፣ አሂል። ውኃ ልስጠው» ብሎ ወደ ርግብ ቤቱ ገባ።

ቀዩ ጫማ ቀረበ። ጎደሊቭ ሣሩ ላይ ተንበረከከች፤ ፊቷን እስኪያይ ድረስ ጎንበስ አለች።

«ስንት ቆጠርክ?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ አሥር ነው የቆጠርኩት። ፎጣህን የርግብ ላባ ይዞ መሳቢያው ውስጥ ካገኘሁት ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት በዳቦ ቤቱ መስኮት በኩል ሰዓቴን ይዤ ስጠብቅ ነበር፤ ቶሎ ተመልሼ እንዳላቋርጥህ። እግሬ እስኪያብጥ ቆምኩልህ።»

አሂል ዳቦውን፣ ቀዩን ጫማና ኦሜርን አንድ ላይ አገናኘ። ከዚያ ትከሻው በሳቅ ይሁን በሌላ ነገር ተንቀጠቀጠ። «ሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ወንድ አስገባሽብኝ።»

«አርባ ዓመት እያየሁህ ምን ልማር ኖሯል? ሰማዩን ጠራሁልህ፣ አልመጣህም። እኔን ጠራሁልህ፣ አልመጣህም።» እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች። «ቀይ ጫማው ተረከዜን ላጠው፣ ብታውቅ።»

«ለእሱ ነግረሽዋል?»

«ለማን፣ ለኦሜር? ምን ብዬ? እሱ ለርግብ ነው የሚመጣው። ከርግብ ሌላ ምን ያውቃል።»

አሂል ሊነግራት አለና ተወው። ያየውን ያየው እሱ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ሁለተኛውን ወንድ ሳጥን ውስጥ ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል፤ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚያመሽ ሄዶ ያየው አንድም ቅዳሜ የለም። ለኦሜር እያዘነ እንደ ሆነ ሲገባው በራሱ ተናደደ። ቀንቶበታል፣ አሁንም ይቀናበታል፤ የአንዲትን ሴት አዲስ እጥፋት ቀን በቀን ሲበቅል ያየው ኦሜር ነው፣ እሱ አይደለም። ለዚያ ይቅርታ የለውም። ግን ያንኑ ሰው ወደ ሳጥኑ መልሶ መሸኘትም አልሆነለትም።

ቡናማው ጫማ ከርግብ ቤቱ ወጣ። በግራው አፍንጫ ላይ የርግብ ኩስ አርፎበታል፤ ኦሜር አላየውም።

«እንግዲህ እኔ ልሂድ» አለ። ጫማው ወደ በሩ ዞሮ ነበር። «አንገትህ እንዲህ ከቀናልህ ማክሰኞ መጥረጊያውን ራስህ ትይዛለህ ማለት ነው። እኔም አላስፈልግም።»

ጎደሊቭ ገና እንደ ተንበረከከች ነበር። መልሱን ለአሂል ተወችለት፤ ነገሩ የእሱ መሆኑን አውቃለች መሰለኝ።

«ኦሜር» አለ አሂል፣ ለሣሩ። «አሥራ አንድ ምን አላት? ሊስቤት ሠላሳ ይድረሱ ብላኛለች። ሾርባ አለ። ጎደሊቭ፣ ሦስተኛ ሳህን አቅርቢ።»

ከላይ ዝምታ ሆነ። ያ የድሮው ዝምታ ነው፣ ግን በዚህኛው ውስጥ አሂልም አለበት። ሁለቱን ቡናማ ጫማዎች ትኩር ብሎ አየ። የቀኙ መጀመሪያ ሣሩን ፈተገ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከበሩ ወደ ማድ ቤቱ ዞረ፤ ግራውም ተከተለው። ጫማም ይናገራል ለካ።

«ካላስቸገርኩ» አለ ኦሜር፣ ከጫማው ዘግይቶ።

ጎደሊቭ ተነስታ ሄደች፤ ቡናማው ጫማ ከቀዩ ጫማ ኋላ ሁለት እርምጃ ርቆ ተከተለ። ቅናት እንደገና ቆነጠጠው። አሂል ጭንቅላቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አደረገ፣ አገጩን ሳበ፣ ገፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።